የፔተሪኮች ጓዳ

ኮራል ፔተሪክ ቁመቷ አጭር ስለሆነ የትምህርት ቤቱን አውቶብስ ስትነዳ ከመሪው አሻግራ ለማየት ትራስ ደርባ ነው የምትቀመጠው። የመንደራችን የቡንዳላ ልጆች ሁላችንም በእሷ አውቶብስ ተመላልሰን አድገናል። እኔ ሮዊና፣ ዛሬ መገንጠያው ላይ ያለችውን ሱቅና ነዳጅ ማደያ የያዝኩት፣ አንድ ቀን የኋላ ወንበር ላይ ሆኜ የጓደኛዬን ፀጉር በማስቲካ ስላጣበቅሁ ዓመቱን ሙሉ ከፊት፣ ከአጠገቧ እንድቀመጥ ፈረደችብኝ። ቅጣቱን ወደድኩት። ኮራል እየነዳች ታወራለች፤ ወሬዋ ደግሞ ስለ ሰው ሳይሆን ስለ መንገዱ ነው፤ የትኛው ባሕር ዛፍ ቅርንጫፉን ሊጥል እንደደረሰ፣ የማን ላም አጥር እንደምትዘል፣ ጅረቱ ከትናንት ምን ያህል እንደሞላ።

ድልድዩ ጋ ስንደርስ ግን ዝም ትላለች። መስኮቷን ዝቅ አድርጋ ከሥር የሚመጣውን ቀዝቃዛ አየር ታስገባለች። በበጋ፣ የአውቶብሱ ወንበር ጭን በሚለበልብበት ቀን፣ ሁላችንም ወደዚያ መስኮት እንንጠራራ ነበር። ከድልድዩ ሥር ያለው ጥልቅ ሸለቆ የፔተሪኮች መሬት ነው። አገሩ ሁሉ «ጓዳ» ይለዋል።

እንዲህ የተባለው እንደ ቤት ጓዳ ከሙቀት የተከለለ ቀዝቃዛ ቦታ ስለሆነ ነው። ዙሪያውን ያለው ኮረብታ በሙሉ የባሕር ዛፍ ጫካ ነው፤ ባሕር ዛፍ ደግሞ ቅጠሉ ዘይት ስለሆነ እሳት ሲነካው እንደ ኩራዝ ቦግ ይላል። ወደ ሸለቆው ሲወረድ ግን ባሕር ዛፉ ከላይ ይቀራል። እዚያ ያሉት ፈርን የሚባሉ ጃንጥላ የመሰሉ ትልልቅ ተክሎች፣ ድንጋዩን እንደ ምንጣፍ ያለበሰ እርጥብ አረንጓዴ የድንጋይ ሽበት፣ ዕድሜያቸውን ማንም የማያውቀው ጥቋቁር ዛፎች ናቸው። ከሥር ጅረት ይፈሳል። እዚያ ገብቶ አልቅት ሳይጣበቅበት የሚወጣ ሰው አልነበረም።

የኮራል አባት ልጅ ሳሉ አገሩን የበላ ታላቅ እሳት መጣ። እናታቸው ልጆቿንና ሁለት ላሞቿን ይዛ ጓዳ ወረደች፤ ብርድ ልብስ ነክረው ተከናንበው ጅረቱ ውስጥ ተቀመጡ። እሳቱ ከአንዱ አፋፍ ወደ ሌላው ዘሎ በላያቸው አለፈ። ሲወጡ ቤት የለም፣ አጥር የለም። እነሱ ግን አንዲት ፀጉራቸው አልተነካችም፤ እግራቸው ላይ አልቅት ብቻ ተንጠልጥሏል። ሰውዬው እስኪሞቱ ድረስ አልቅት አልገደሉም። «ባለውለታችን ነው» እያሉ ከእግራቸው አንስተው ቅጠል ላይ ያስቀምጡት ነበር።

ኮራልና ወንድሟ ሜርቪን ወጣቶች ሳሉም እሳት መጣ፤ ጓዳ ወርደው ተረፉ። ኮራል አግብታ፣ ወልዳ፣ አውቶብስ መንዳት ከጀመረች በኋላም መጣ። ያኔ ግማሹ መንደር ነው የወረደው። እኔ በእናቴ ክንድ ላይ ሕፃን ነበርኩ። እናቴ እንደነገረችኝ ከላይ ሰማዩ እየነደደ ከሥር ብርድ ያንቀጠቅጣቸው ነበር። ስለዚህ የጓዳው ነገር ተረት አልነበረም። ሰው ቆጥረን የምናውቀው ነገር ነው።

ሜርቪን ከኮራል በሁለት ዓመት ያንሳል፤ በቁመት ግን እጥፏ ነበር። ሳያገባ፣ በመንገዱ ጫፍ በአባቱ ቤት፣ ከከብቶቹና ብስኩት ከሚባል ውሻው ጋር ይኖር ነበር። የፊት ጥርሱን ኮርማ ሰብሮበት ስለነበር ፉጨቱ የሰው ፉጨት አይመስልም፤ መጀመሪያ ይንሿሿል፣ ከዚያ ድንገት ሽቅብ ይወጣና ጫፉ ላይ ይሰበራል። ብስኩት ያንን ፉጨት ከሰማ የያዘውን አጥንት ጥሎ ይመጣል። እሑድ እሑድ ኮራል ምሳ ይዛ ወደ እሱ ትወጣለች፤ ከበሩ ሳትደርስ ስድብ ይቀበላታል።

«ድንክዬ፣ አንቺ ነሽ? መኪናው ያለ ሹፌር የመጣ መስሎኝ ደንግጬ!»

«አንተን ጥርሰ ወላቃ ማን አናገረህ? ይልቅ ሻይ አፍላ።»

ባሏ ከሞተ ወዲያ፣ ልጇም ወደ ምዕራብ ጠረፍ ለማዕድን ሥራ ከሄደ ወዲያ፣ የቀራት ሰው እሱ ነበር።

ዝናቡ እየራቀን የሄደው ቀስ በቀስ ነው። አንድ ክረምት ሲያንስ «ይመጣል» አልን። ሁለተኛውም ሲያንስ እንዲሁ አልን። ድሮ መጸው ላይ፣ በጋው አልፎ አየሩ ቀዝቀዝ ሲል፣ የበጎ ፈቃድ እሳት አጥፊዎቻችን የወደቀውን ቅጠልና ጭራሮ አስቀድመው በትንንሽ እሳት ያቃጥሉት ነበር፤ በጋ ሲመጣ ትልቁ እሳት የሚበላው እንዲያጣ። ከዚያ መጸውም እንደ በጋ መድረቅ ጀመረ። «ዛሬ ከለኮስነው ያመልጠናል» እያሉ አሳደሩት፤ አመቺው ቀን ሳይመጣ ወቅቱ አለፈ። በቀጣዩ ዓመትም እንዲሁ። ቅጠሉ በቅጠል ላይ ተከመረ። በሦስተኛው ዓመት ገና ጸደይ ሳይጋመስ በሰሜን ያሉ ጫካዎች መንደድ ጀመሩ፤ ጭሳቸው እየመጣ ወተት ማቀዝቀዣው ላይ ሳይቀር ጥላሸት ይቀመጥብኝ ነበር።

ያን ሰሞን በመንደሩ አዳራሽ ስብሰባ ተጠራ። ኢሞጀን የምትባል የደን ባለሙያ መጣች፤ ረጋ ያለች፣ ጫማዋ እንደኛው ጭቃ የለመደ ሴት ናት። የበጎ ፈቃደኞቹ አለቃ ኬልቪን አስተዋወቃት። ብዙ ነገር አልተናገረችም። «ዘንድሮ እሳት ከመጣ ጓዳ አትውረዱ» አለች።

አዳራሹ አጉረመረመ። ሜርቪን ከኋላ፣ ግድግዳውን ተደግፎ እንደቆመ፣ እጁን አወጣ።

«ጓዳው ነድዶ አያውቅም፣ የኔ ልጅ።»

«አውቃለሁ» አለች ኢሞጀን። «ያዳናችሁ እርጥበቱ ነበር። አሁን ግን አየሩ በየዓመቱ እየሞቀ ነው፤ ዝናቡ አነሰ፤ ሌሊቱም እንደ ድሮው አይቀዘቅዝም። ባለፈው ሳምንት ወርጄ ለክቼዋለሁ። እዚያ መሬት ላይ የወደቀው እንጨት ከኮረብታው እንጨት እኩል ደርቋል።»

«አባቴ እኮ እዚያ ነው የተረፈው። እኔም እዚያ ነኝ የተረፍኩት።»

«እናንተ የተረፋችሁበት ሸለቆ ውሃ ነበረው።»

ሜርቪን ራሱን አከከ። «እሺ፣ እንግዲህ ለእሳቱም ንገሪውና አድራሻ ይቀይር» አለ። ሰው ሁሉ ሳቀ፤ ኢሞጀንም ፈገግ አለች። ኮራል ከጎኔ ተቀምጣ ነበር። አልሳቀችም። ጉልበቷ ላይ የያዘችውን ኬክ ሳትነካው ወደ ቤቷ ተመለሰች።

በማግስቱ ሜርቪንን ይዛው ጓዳ ወረደች። ይህን እሷ ራሷ ናት የነገረችኝ። ጫማዋንም ካልሲዋንም አውልቃ በባዶ እግሯ ገባች። ሜርቪን «ምን ነካሽ? ለአልቅት ምሳ ልታበይ ነው?» እያለ ይከተላታል። ጅረቱ ቆሟል፤ በድንጋዮቹ መካከል አረንጓዴ ኩሬ ኩሬ ሆኖ ቀርቷል። የፈርኖቹ ቅጠል ጫፉ ተኮማትሯል። ከወደቀ ግንድ ላይ ተቀምጣ እግሯን ቅጠሉ ውስጥ ቀበረችና ጠበቀች። ብዙ ከቆየች በኋላ አወጣችው።

«ሜርቭ፣ አልቅት የለም።»

«ታዲያ ደስ አይልሽም?»

«እግሬን እየው! አንድ እንኳ የለም።»

አየው።  ከድንጋዩ ላይ ሽበቱን በጣቱ ቆነጠረው፤ እንደ ደረቅ ትምባሆ ብን ብሎ ጠፋ። እጁን ሱሪው ላይ ጠረገና «አንድ ዓመት ጓዳው ባዶ ሆነ ተብሎ ቤት ይፈርሳል እንዴ?» አላት። ከዚያ ስለ ከብቶቹ መኖ ማውራት ጀመረ።

የዚያ ዓመት የገና በዓል፣ እዚህ አገር በጋ ላይ የሚውለው፣ በጭስ ነው የመጣው። እንደ ልማዳችን ቀዝቃዛውን የአሳማ ሥጋ ቆርጠን፣ ፍራፍሬ የተደረደረበትን ኬክ አቀረብን፤ ግን ሁሉም ነገር አመድ አመድ ይል ነበር። ገና ባለፈ በጥቂት ቀን፣ አንድ ጠዋት፣ የሰሜን ነፋስ ተነሣ። የሰሜን ነፋስ እዚህ አገር ከበረሃው ነው የሚመጣው። በር ስከፍት ፊቴን የገረፈኝ ሙቀት ዳቦ ቤት ምድጃ ፊት የቆምኩ ነው ያስመሰለኝ። ከኮረብታው ጀርባ ጭሱ እንደ አበባ ጎመን ተቆልሏል።

ኮራል ማንንም ሳትጠይቅ የትምህርት ቤቱን አውቶብስ ከቆመበት አስነሣች። ትምህርት ቤቱ ዝግ ነው፤ ቁልፉ ግን ሁልጊዜ እሷ ዘንድ ነው። በየበሩ እየቆመች ጥሩምባ ትነፋለች። ሱቁን ዘግቼ ልጄን ይዤ ገባሁ። ሎቬል የሚባሉት ሽማግሌና ሚስታቸው ነበሩ፤ የኬልቪን አባት ከነተሽከርካሪ ወንበራቸው ነበሩ፤ መንታ ሕፃናት የያዘች እናት ነበረች። ወደ ባሕሩ ዳርቻ የሚወስደው መንገድ ከታች ነው። ኮራል ግን ሽቅብ፣ ወደ ሜርቪን ቤት፣ አቀናች። ማንም አልተቃወመም፤ መንገዱ ገና ክፍት ነበር።

ሜርቪን በአጥሩ በር ላይ ቆሟል። የሱፍ ሸሚዙን ለብሷል፤ በዚያ ሙቀት፤ ሱፍ ቶሎ አይነድም ተብሎ ስለሚታመን። በክንዱ ብርድ ልብስ ይዟል። ኮራል ዘልላ ወረደች።

«ግባ!»

«ከብቶቹን ከላይኛው ሜዳ ሳላወርድ?»

«ሜርቭ፣ ዛሬ አልቀልድም። ግባ!»

«ጭነት አለብሽ፣ ድንክዬ። ሂጂ። እኔ መሄጃዬን አውቃለሁ።»

እሷ የት ማለቱ እንደሆነ ገባት። እኛም ገባን።

እነሱ ሲከራከሩ ብስኩት በተከፈተው በር ገብቶ ከወንበሬ ሥር ተኛ። ልቡ ሲመታ በእግሬ ይሰማኝ ነበር። ጭሱ ፀሐይዋን ሸፈናት፤ ቀይ ሆነች፣ ከዚያ እንደ ዛገ ሳንቲም ደበዘዘች። ከኋላ መንታዎቹ አለቀሱ። አንድ ሰው «ኮራል፣ በእግዚአብሔር!» ብሎ ጮኸ።

«እሺ ጓዳ አትውረድ» አለችው። «ከብቶቹ የጋጡት ሜዳ ላይ ሁን። ባዶው መሬት ላይ፣ መካከሉ ላይ ተኛ። ሰምተኸኛል?»

«እሺ።»

«ማልልኝ!»

«እሺ አልኩሽ እኮ!»

ወደ መሪዋ ተመለሰች። በሩን ልትዘጋ ስትል ሜርቪን አፏጨ። ያ የሚንሿሿ፣ ሽቅብ የሚወጣ፣ ጫፉ ላይ የሚሰበር ፉጨት። ብስኩት ከእግሬ ሥር ተስፈንጥሮ ወጣ። ልይዘው ብዬ ጭራውን ስቼዋለሁ። በመስታወቱ ያየሁት የመጨረሻው ነገር ረጅሙ ሰውዬና ውሻው ጎን ለጎን ወደ ሜዳው ሲሄዱ ነው።

ድልድዩን ስንሻገር ፍም ጣሪያው ላይ እንደ በረዶ ይዘንብ ነበር። ኮራል መስኮቷን አልከፈተችም። ከባሕሩ ስንደርስ ጠዋት መሆኑ ቀርቶ ጨለመ፤ በእውነት ጨለመ፤ አሞራዎቹ ለማደሪያ ወደ ዛፍ ወጡ። ልጆቻችንን ይዘን እስከ ወገባችን ውሃ ውስጥ ቆምን። እሳቱ ከሩቅ ሲመጣ ድምፁ እንደ ባቡር ነው፤ የማይደርስ ባቡር። ኮራል ውሃው ውስጥ አልገባችም። የአውቶብሱ ደረጃ ላይ ተቀምጣ መንገዱን ታይ ነበር። ረፋዱ ላይ የባሕር ነፋስ ገባና እሳቱን ወደ ሌላ አቅጣጫ ወሰደው፤ እኛም በዚያ ዳንን።

የላይኛው ሜዳ አልነደደም። ከብት የጋጠው ባዶ መሬት ስለነበር እሳቱ ጠርዙን ልሶ አልፎታል፤ ከላሞቹ ብዙዎቹ ቆመው ተገኙ። ሜርቪንን ያገኙት ጓዳ ውስጥ ነው። ለኮራል የነገራት ኬልቪን ነው፤ ፊቱ ጥላሸት እንደሆነ፣ ኮፍያውን በእጁ እያዞረ።

«ብርድ ልብሱን ተከናንቦ ነበር» አላት። «በጭሱ ቀድሞ ነው ያለፈው ይመስለኛል። አልተሠቃየም።»

ኮራል ቀና ብላ አየችው።

«ብርድ ልብሱ እርጥብ ነበር?»

ኬልቪን ኮፍያውን ደፋ። ወጥቶ መኪናው ጎማ ሥር ቁጭ ብሎ አለቀሰ።

ብስኩት አልተገኘም። አጥንቱም ቢሆን።

ከእሳቱ በኋላ የሆነው ደግሞ የአገሩን ሰው ሁሉ አስገረመ፤ ዝናብ መጣ። ለማጥፋት የዘገየው ዝናብ አመዱን ወደ ጅረቱ አጠበ፤ ውሃው እንደ ቀለም ጠቁሮ ዓሣው አለቀ። ሜርቪንን በዚያ ዝናብ ቀበርነው። ትምህርት ተከፈተ። ኮራል ሰባ ዓመት አልፏታል፤ ልጇ ከምዕራብ «ነይ፣ እኔ ጋ ኑሪ» ብሎ ደጋግሞ ደውሎላታል። አልሄደችም። አውቶብሷን መንዳት ቀጠለች። ድልድዩ ላይ ስትደርስ ግን መስኮቷን ጥርቅም አድርጋ ትዘጋለች። ልጆቹ ለልጄ፣ ልጄ ለእኔ ነገረችኝ።

በክረምቱ መካከል፣ አንድ ጠዋት፣ ልጆቹን አድርሳ ወደ ሱቅ ገባች። ፊቷ አመድ መስሏል።

«ሮ፣ ላብድ ነው መሰለኝ።»

«ምን ሆንሽ?»

«ሜርቭ ያፏጫል።»

ወንበር ሰጠኋት። ሻይ ቀዳሁላት። የአውቶብሱ መስታወት በትንፋሽ ስለጨገገ መስኮቱን ከፈት አድርጋ እንደነበር ነገረችኝ። ድልድዩ ላይ። ከሥር፣ ከጓዳው፣ ጠራት። ልጆቹን «ሰማችሁ?» ብትላቸው «ምኑን?» አሏት።

«ድካም ነው» አልኳት። «እንቅልፍ ማጣት ነው። እናቴ ስትሞት እኔም የበሩን እጀታ እሰማ ነበር።»

«ነይና ስሚ» አለችኝ።

ቅዳሜ አብረን ወረድን። ከእሳቱ ወዲህ እዚያ ስገባ የመጀመሪያዬ ነበር። ሰማይ ይታያል። ከልጅነቴ ጀምሮ እዚያ ቦታ ላይ ሰማይ አይቼ አላውቅም። ከፈርኖቹ ጥቂቶቹ ከአናታቸው አረንጓዴ ጥፍር የመሰለ ነገር አውጥተዋል፤ ጥቋቁሮቹ ትልልቅ ዛፎች ግን ቆመው ሞተዋል፤ ነፋስ ሲነካቸው እርስ በርሳቸው ይንቋቋሉ። ከግንድ ላይ ተቀምጠን ጠበቅን።

ፉጨቱ መጣ።

 እሱ ነው። መንሿሿቱ፣ ሽቅብ መውጣቱ፣ ጫፉ ላይ መሰበሩ፤ ያ የተሰበረ ጥርስ ራሱ። ኮራል ክንዴን ያዘችኝ፤ ጥፍሯ ገባ።

ከዚያ አየሁት። ከተቃጠለ ግንድ ላይ፣ ዶሮ የሚያህል ቡናማ ወፍ። የበገና ወፍ ነው፤ ጭራው እንደ በገና ስለተቆለመመ እንዲህ እንለዋለን፤ የዚህኛው ጭራ በአንድ ወገን ተለብልቧል። የበገና ወፍ የራሱ ዜማ የለውም ማለት ይቻላል፤ የሰማውን ነው የሚደግመው። የበቀቀኑን ድምፅ አደረገ፤ እንደ ጅራፍ የምትጮኸውን ወፍ አደረገ፤ የተቃጠለ ዛፍ የሚቆርጡትን ሰዎች የሞተር መጋዝ አደረገ። ከዚያ ሜርቪንን አደረገ።

«ወፍ ነው!» አልኩ፤ ሳቄም እንባዬም አብሮ መጣ። «ኮራል፣ ወፍ እኮ ነው! አላበድሽም!»

«ወፍ መሆኑንማ አየሁ» አለች ቀስ ብላ። «ዝም በይና ስሚው።»

ሰማሁት። ወፉ ፉጨቱን አንዴ ብቻ አልነበረም የሚያፏጨው። ደጋግሞ ነው፤ አንዱ ሳያልቅ ሌላው፣ እየፈጠነ፣ መጨረሻው ላይ ትንፋሽ ያጠረው ሰው እንደሚያደርገው እየተቆረጠ።

«ሜርቭ ብስኩትን ሁለቴ ጠርቶት አያውቅም» አለች ኮራል። «አንዴ ነው የሚጠራው፤ ውሻው ይመጣል። ታዲያ ይሄ ወፍ ይሄንን መቼ ነው የተማረው?»

 ወፎች ድምፅን እንዳሻቸው ይቀጥላሉ፣ ያሳጥራሉ አልኳት። ኋላም ኢሞጀን ሱቅ ስትመጣ ጠየቅኋት፤ የበገና ወፍ አንድን ድምፅ ለመያዝ ረጅም ጊዜ እንደሚፈልግ፣ አብዛኛውንም ከሌሎች ወፎች እንደሚወርስ፣ በአንድ ጠዋት እንደማይማር ነገረችኝ። ወፉ የተረፈውም ዎምባት የሚባለው ወፍራም እንስሳ በቆፈረው ጉድጓድ ገብቶ ሳይሆን አይቀርም አለች። ለኮራል ነገርኳት። አመሰገነችኝ። ያመነችኝ አይመስለኝም። እኔም ራሴ፣ እውነቱን ልናገር፣ ሌሎች ነገሮችን እያሰብኩ ሳለሁ ያ እየፈጠነ የሚሄደው ፉጨት ይመጣብኛል፤ ውሻው ደንግጦ ወደ ጓዳ ሲሸሽ፣ ሰውዬው በጭሱ ውስጥ እጁን ዘርግቶ ሲጠራው አያለሁ።

ኮራል ክረምቱን ሙሉ እየወረደች ወፉን ትሰማ ነበር። ከእኔ በቀር ለማንም አልነገረችም። አንዳንድ ጊዜ መልስ ትሰጠዋለች መሰለኝ፤ አንዴ ከድልድዩ ላይ ሆኜ ድምጿን ሰምቻለሁ። «እሺ ብለኸኝ ነበር እኮ» ስትል።

ጸደይ ሲመጣ ወፉ ዝም አለ፤ እነሱ በዚያ ወቅት ዝም ይላሉ። ኮራልም ተለወጠች። አዳራሹ ውስጥ ስብሰባ ሲጠራ፣ በሕይወቷ ተነሥታ ተናግራ የማታውቀው ሴት ተነሣች። ከወንበሮቹ ጀርባ ራሷ ብቻ ነበር የሚታየው።

«አባቴ ያስተማረኝን ሁላችሁም ታውቃላችሁ» አለች። «ለልጆቻችሁም ነግራችኋል። እኔም ነግሬያለሁ። እንግዲህ ከዛሬ ጀምሮ ሌላ ንገሯቸው። ጓዳ የለም። የሰሜን ነፋስ የሚነፍስ ቀን በጠዋት አውቶብሱን ይዤ እመጣለሁ። ጭስ ቢኖርም ባይኖርም። የሚመጣ ይምጣ።»

እንዳለችውም አደረገች። ትምህርት ቤቱ ያረጀውን አውቶብስ ሲለውጥ አሮጌውን ለእሷ ተወላት። በመጀመሪያው ነፋሻ ቀን አውቶብሱ ሞልቶ ነበር። ባሕሩ ዳር ዋልን፤ ምንም አልነደደም፤ ተመለስን። በሁለተኛው ጥቂት ሰው ሳይመጣ ቀረ። በሦስተኛው ወንበሩ ባዶ ባዶ ሆነ። ሱቅ ውስጥ የሚቀልዱ አልጠፉም። አንዱ «ኮራል የሽርሽር ማኅበር ከፍታለች፣ ዓሣና ድንች ጥብስ ትጋብዛለች» አለ። ኬልቪን ሰምቶ «አንተን ብርድ ልብስ ውስጥ ጠቅልዬ ላወጣህ አልፈልግም» አለው። ሰውዬው ወተቱን ሳይወስድ ወጣ።

ባለፈው ዓመት ለኮራል የተረፈውን የሜርቪንን መሬት ከከተማ የመጡ ወጣት ባልና ሚስት በአሻሻጭ በኩል ገዙት፤ ላክላንና ታሊያ ይባላሉ። ኮራል የገዙትን ለማየት፣ እንኳን ደህና መጣችሁም ለማለት፣ ኬክ ይዛ ወጣች፤ እኔም አብሬያት ነበርኩ። ላክላን ደስ ብሎት ዙሪያውን እያሳየን «ከሁሉ የወደድነው ሸለቆውን ነው» አለ። «አሻሻጩ ነገረን፤ እሳት ሲመጣ ሰው ሁሉ እዚያ ገብቶ ነው አሉ የሚተርፈው።»

ኮራል ኬኩን ወደ እኔ ዘረጋች። ተቀበልኳት።

«ጫማ አድርጉ» አለቻቸው። «አሁን እንወርዳለን።»

ወሰደቻቸው። በሞቱት ዛፎች ሥር ክረምቱ ያበቀለው ግራርና ቁጥቋጦ ከሰው በላይ ሆኗል፤ ለዓይን ለምለም ነው፤ ኢሞጀን ግን ከቀድሞው ጫካ ይልቅ ይህ ቶሎ እንደሚነድ፣ ሌላ እሳት ቶሎ ከደገመው ደግሞ ፈርኖቹ ለዘላለም እንደሚጠፉ ነግራናለች። ኮራል ይህን ሁሉ አላለችም። ቦታውን አሳየቻቸው። ወንድሟ የት ተቀምጦ እንደተገኘ፣ ራሱ ወዴት እንደዞረ። አባቷም፣ እሷም፣ እኔም እዚያው ቦታ እንደተረፍን ነገረቻቸው። ታሊያ ማልቀስ ጀመረች። ላክላን ወደ ላይ ወደ ሰማዩ አየና «ታዲያ የት ነው የምንሄደው?» አለ። ኮራል ለመጀመሪያ ጊዜ ትንሽ ፈገግ አለች። «እስክነግርህ ነው የምትጠብቀው? የሰሜን ነፋስ ቀን በጠዋት ጥሩምባ ትሰማለህ።»

ባለፈው ወር፣ በጋው ገና ሳይገባ፣ የሰሜን ነፋስ ነፈሰ። ጥሩምባው ተነፋ። ላክላንና ታሊያ መንገድ ላይ ቆመው ይጠብቁ ነበር፤ ታሊያ ድመቷን በቅርጫት ይዛ፣ ድመቷ አገር ይያዝልኝ እያለች። እነሱ፣ እኔ፣ ልጄ፣ ባላቸው የሞቱባቸው የሎቬል ሚስት፤ ሌላ ሰው የለም። ባሕሩ ዳር ዋልን። ዓሣና ድንች ጥብስ በላን። ኮራል አልበላችም። ፊቷን ወደ ኮረብታው አድርጋ፣ ነፋሱ ፀጉሯን እየገለበጠው፣ ተቀምጣ ዋለች። ጭስ አልነበረም።

ሲመሽ ተመለስን። ኮራል እያንዳንዱን በየበሩ ታወርዳለች፤ አውርዳ ግን አትሄድም። ሰውየው ገብቶ መብራት እስኪያበራ ድረስ ሞተሯን ሳታጠፋ ትጠብቃለች። እኔ የመጨረሻዋ ነበርኩ። ልጄን አስቀድሜ አስገብቼ፣ መብራቱን አብርቼ፣ በመስኮት እጄን አወዛወዝኩላት። አልሄደችም። ቆየች። ወጥቼ «ምነው ኮራል?» ልላት ስል መብራቷን አዞረችና ሽቅብ፣ ወደ ሜርቪን ቤት በሚወስደው መንገድ፣ ላክላንና ታሊያ ወደገቡበት ተመልሳ ነዳች። ደግማ ልታያቸው ነው።